ደምረህ ነው ወይስ ጠቅልለህ?

ሰኔ ሲገባ ጅማ ላይ ሁለት ነገር ይበዛል፤ ዝናብ እና የመመረቂያ ጽሑፍ። ዝናቡን ለምደነዋል። ሲቀር ነው የሚገርመን። የመመረቂያ ጽሑፉ ግን በየዓመቱ አዲስ ጭንቀት ይዞ ይመጣል። በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉት ኮምፒውተር ቤቶች እስከ ማታ ክፍት ናቸው። ፕሪንተሩ ያለ እረፍት ወረቀት ይተፋል። ጠራዡ ልጅ ቀና ብሎ ሰላም ለማለት እንኳ ጊዜ የለውም።

የእኔ ሥራ ከጠራዡ አንድ እርምጃ ይቀድማል። የሰው እንግሊዝኛ አቃናለሁ። የተማሪ ጥናት፣ የገበሬ ማኅበር ሪፖርት፣ የቡና ነጋዴ ደብዳቤ፣ የመጣውን ሁሉ። «ቲቸር» ይሉኛል፤ አስተምሬ አላውቅም። እዚህ ከተማ መነጽር አድርጎ ወረቀት ላይ ያቀረቀረ ሰው ሁሉ ቲቸር ነው።

ሰው የሚፈራው ትልልቁን እንግሊዝኛ ነው። ረጃጅሙን ቃል፣ የተወሳሰበውን ዓረፍተ ነገር። እሱን ደጋግሞ ያየዋል፣ ጓደኛውን ያስነብባል፣ ያርማል። ወጥመዱ ያለው ግን ማንም የማይጠረጥረው ቦታ ላይ ነው፤ ድምሩ ላይ። «ይኼ ሁሉ ተደምሮ ስንት ሆነ? መጨረሻውስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ በምንሰጥበት መስመር ላይ። የጥናቱም፣ የሪፖርቱም፣ የደብዳቤውም ዋና መስመር ደግሞ እሱ ነው። አንባቢ ሌላውን ሊዘለው ይችላል። ድምሩን አይዘልም።

ዋናው ተጠያቂ «በአጠቃላይ» የሚለው ቃላችን ነው። «በአጠቃላይ 120 ሰው ተገኝቷል» እንላለን። «በአጠቃላይ ስብሰባው ጥሩ ነበር» እንላለን። ሁለቱም አማርኛ ናቸው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። በመጀመሪያው ሰው ቆጥረናል። በሁለተኛው ግን ምንም አልቆጠርንም፤ ፍርድ ሰጥተናል። ሰሚው ልዩነቱን ራሱ ይለየዋል፤ እኛም ሳናስበው እናልፋለን። እንግሊዝኛው ግን አያሳልፍም። ቆጥረህ ከሆነ «ኢን ቶታል» በል፣ ፍርድ ከሆነ «ኢን ጄኔራል» ወይም «ኦን ዘ ሆል» በል ይላል።

ተማሪው ታዲያ «በአጠቃላይ»ን በጭንቅላቱ ይዞ ይቀመጥና «ኢን ጄኔራል 120 ሰዎች ተገኙ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ አንባቢ ይህን ሲያይ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። «እንደ ወትሮው 120 ያህል ሰው ይመጣል» የተባለ ይመስለዋል። አንድ ቀን በመዝገብ ላይ የተፈረመ ቁጥር ወደ ልማድ ተቀየረ ማለት ነው። ሌላ ቋንቋ የማያውቅ አንባቢ ደግሞ «ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ብሎ አይጨነቅልህም። ያነበበውን ያምናል።

ስለዚህ ብዕር ከማንሳቴ በፊት እጠይቃለሁ። «ደምረህ ነው ወይስ ጠቅልለህ?» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ወረቀቱን መልሶ ያየዋል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ የቸገረው ሰው ካለ ችግሩ ከእንግሊዝኛው አይደለም፤ ምን እንደቆጠረ ገና አልለየም።

ቀላል መፈተኛ አለኝ። «በአጠቃላይ» ያላችሁበትን ቦታ «በድምሩ» አድርጉት። «በድምሩ 120 ሰው ተገኝቷል» ያስኬዳል፤ እንግዲያው «ኢን ቶታል» ነው። «በድምሩ ስብሰባው ጥሩ ነበር» የሚል ጤነኛ ሰው የለም፤ እንግዲያው «ኢን ቶታል» አይደለም። ይህን ያህል ነው።

«ኦቨርኦል» የሚባል ደግሞ አለ፤ እሱ መሐል ሰፋሪ ነው። ከስም በፊት ሲገባ ድምርም ይሆናል፤ «ኦቨርኦል ኮስት» ስንል ጠቅላላ ወጪው ማለታችን ነው። ዓረፍተ ነገር ሲከፍት ግን ባብዛኛው ፍርድ ነው። ቁጥር ለመናገር የሚመጣ ሰው ባይጠቀምበት ይሻለዋል እላለሁ። «ኦል ኢን ኦል»ም እንዲሁ፤ ነገሩን ሁሉ አገናዝበን ስናበቃ የምንለው ነው። «ኢን ኦል» ግን ንጹህ ድምር ነው፤ «120 ፒፕል ኢን ኦል»። አንዷ «ኦል» ስትጨመር ትርጉሙ እንዲህ ይዞራል። ፈረንጅ ሲያመቸው እንዲህ ያደርጋል።

«ቶታሊ 45 ስቱደንትስ» የሚለውን በቶሎ ልለፈው። «ቶታሊ» ሙሉ በሙሉ፣ ጭራሽ፣ ፈጽሞ ነው። የሚገርመው የከተማው ልጅ ሲያወራ ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ቶታሊ አልገባኝም» ይላል፤ ጭራሽ አልገባኝም ማለቱ ነው። ሲጽፍ ነው የሚጠፋበት። «45 ተማሪዎች ጭራሽ» ብሎ እንደመጻፍ መሆኑን ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ሁለተኛ አይደግሙትም።

አሁን ወደ 422 እንሂድ። የጤና ተማሪ የሆነ ሰው ቁጥሩን ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በዚህች ከተማ ከተጻፉት የጤና ጥናቶች መካከል ስንቱ 384 እና 422ን እንደያዘ ፈጣሪ ይወቀው። ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የናሙና ብዛት የሚወጣበት የታወቀ ቀመር አለ። የምታጠናው ነገር በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድመህ ካላወቅህ 50 ከመቶ ነው ብለህ ትነሳለህ። መተማመኛህን 95 ከመቶ፣ የስህተት ህዳግህን 5 ከመቶ ታደርጋለህ። ቀመሩ 384 ይሰጥሃል። መልስ የማይሰጥ ሰው አይጠፋም ብለህ 10 ከመቶ ትጨምራለህ፤ 422 ይሆናል። ወደ ላይ የሚያጠጋጋ ሰው 423 ይለዋል። በ422 እና በ423 መካከል ያለው ጭቅጭቅ ተማሪው ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ሲከላከል ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ኤ ቶታል ኦፍ» የሚመጣው። «ኤ ቶታል ኦፍ 422 ፓርቲሲፓንትስ» ብሎ ይጀምራል፤ በድምሩ 422 ተሳታፊዎች ማለቱ ነው። ተማሪው ለምን እንደሚወደው ይገባኛል። በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገርን በአሃዝ መጀመር አይወደድም። 422ን በፊደል ልጻፍ ካልክ መስመሩን ይጨርስብሃል። «ኤ ቶታል ኦፍ» ፊት ይቆምልህና አሃዙ ከኋላው ይገባል። ትርፍ ቃል ነው የሚሉ አርታኢዎች አሉ። እኔ አልነካውም፤ ሥራ ይሠራልና።

ግሱ ላይ ግን እነካለሁ። «ኤ ቶታል ኦፍ 422 ፓርቲሲፓንትስ» ካልን የምናወራው ስለ ሰዎቹ ነው፤ ግሱ «ወር» ይሆናል፣ ብዙ ነው። «ዘ ቶታል ነምበር ኦፍ ፓርቲሲፓንትስ» ካልን የምናወራው ስለ ቁጥሩ ነው፤ ግሱ «ዋዝ» ይሆናል፣ ነጠላ ነው። በ«ኤ» የሚጀምረው ሰዎቹን ይዞ ይሄዳል፤ በ«ዘ» የሚጀምረው ቁጥሩን ብቻ። እዚህ ከያዙት አይለቅም።

ከግሱ የሚከፋው ግን ከስር ያለው ነገር ነው። አንድ ቀን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ጽሑፏን ይዛ መጣች። «ኤ ቶታል ኦፍ 422 ሰዎች በጥናቱ ተሳተፉ፤ ምላሽ የሰጡት 97.2 ከመቶ ናቸው» ይላል። እንግሊዝኛው እንከን የለውም። «ቲቸር፣ እዚህ ገጽ ላይ ምንም የለም አይደል?» አለችኝ። ሠንጠረዡን ገለጥኩ። ከታች የድምር ረድፍ ላይ የተቀመጠው 410 ነው።

«422ቱ ሁሉም ተሳትፈዋል?»

«አይ፣ 12ቱ ፈቃደኛ አልሆኑም።»

«ታዲያ የተሳተፉት ስንት ናቸው?»

ዝም አለች። ከዚያ «ውይ!» አለች። 422ቱ የተመረጡት ናቸው። የተሳተፉት 410 ናቸው። 410ን ለ422 ስናካፍል 97.2 ከመቶ ይመጣል፤ ሂሳቡ ልክ ነው። 422ም «ቶታል» ነው፣ 410ም «ቶታል» ነው። የሚለያያቸው ከኋላ የሚከተለው ግስ ነው፤ «ወር ሴሌክትድ» ወይስ «ፓርቲሲፔትድ»። የውጭ ፈታኝ ገና ሲቀመጥ ሠንጠረዡን ከጽሑፉ ጋር ያስተያያል። እዚያ ላይ አለመገጣጠም ካየ የቀረውን ገጽ ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያነበው።

ሠንጠረዥ ካነሳን አይቀር፣ ድምር የማይገባበትም ሠንጠረዥ አለ። «የጤና መረጃ ከየት ታገኛላችሁ?» ተብሎ ሰው ከአንድ በላይ መልስ እንዲመርጥ ተፈቅዶለታል እንበል። አንዱ ሬዲዮንም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንም፣ ጎረቤቱንም ይመርጣል። ፐርሰንቱ ሲደመር 140 ይመጣል። ተማሪው ይደነግጥና ቁጥሮቹን መሸራረፍ ይጀምራል። የለም፤ መንካት ያለበት ቁጥሩን አይደለም። «ቶታል» የሚለውን ረድፍ አውጥቶ ከአንድ በላይ መልስ እንደተፈቀደ ከሥር በአንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነው። በሌላ በኩል 33.3 ሦስት ጊዜ ተደምሮ 99.9 መምጣቱ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው፤ ለእሱ እንቅልፍ ማጣት አያስፈልግም።

ከተማሪው ወደ ነጋዴው ስንሄድ ጨዋታው ይቀየራል። ተማሪ ቢሳሳት ውጤቱ ይቀንሳል። ነጋዴ ቢሳሳት ገንዘቡ ነው የሚቀንሰው።

ቡና የሚልኩ አንድ ሐጂ አሉ። ደብዳቤዎቻቸውን ልጃቸው ይጽፋል፤ እሳቸው ግን ሳላየው አያስወጡትም። አንዱ ረቂቅ ላይ «ዘ ቶታል ዌይት ዋዝ አማውንትድ ቱ 19,200 ኪሎግራም» ይላል። «ዋዝ አማውንትድ» የሪፖርት ቋንቋችን የቆየ በሽታ ነው። «አማውንት» ይህን ያህል ሆነ ማለት ነው፤ በ«ተደረገ» መልክ አይነገርም፤ ክብደቱ ራሱ «አማውንትስ ቱ» ነው የሚባለው፣ ማንም አያደርግበትም። አፍ ላይ ደግሞ «ካምስ ቱ» ይቀላል። እዚህ ላይ እንኳ ዕድለኞች ነን። ሆቴል ቁጭ ብለን «ሂሳብ ስንት መጣ?» አይደል የምንለው? እንግሊዙም ሂሳቡ «መጣ» ነው የሚለው። «አድስ አፕ ቱ»ም ይሆናል፤ ቁጥር ላይ ቁጥር ሲደመር። «ሰም አፕ» ግን የተነገረን ነገር ማሳጠር ስለሆነ ሂሳብ ውስጥ ባይገባ ጥሩ ነው።

ሰዋስዉን አስተካከልኩና «ሐጂ፣ ይኼ 19,200 ከነጆንያው ነው ወይስ ያለ ጆንያው?» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ? ቶታል ማለት ቶታል ነው።»

«ጆንያው ይመዝናል እኮ።»

«ጆንያ ማን ይገዛል! ቡናውን ነው የሚገዙት።»

ልክ ናቸው። ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ላይ ባብዛኛው 320 ጆንያ ይጫናል፤ አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ቡና ይይዛል። 320 በ60 ሲባዛ 19,200 ኪሎ ነው፤ ቡናው ብቻ። እንዲህ ከሆነ «ኔት ዌይት» ነው መባል ያለበት። ከነጆንያው ሲመዘን ደግሞ «ግሮስ ዌይት» ይባላል፤ ቁጥሩም ከፍ ይላል። የመርከብ ወረቀት ላይ ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። «ቶታል ዌይት» ብለን ስንተወው ግን አንባቢው የፈለገውን ይመርጣል። ገዢ ደግሞ የሚመርጠው ለራሱ የሚያዋጣውን ነው። 19,200ን ከነጆንያው ነው ብሎ ከወሰደ የጆንያውን ክብደት ከቡናው ላይ ይቀንሳል። ሐጂ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን ዘወር ብለው አዩት። «ጻፍ፤ ኔት» አሉት።

የገበሬ ማኅበራት ሪፖርት ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ «ኔት» እና «ግሮስ» ተለይተው እንኳ ድምሩ ላይሆን ይችላል። ምክንያቱም ቡና አንድ ነገር አይደለም። እሸት አለ፣ ከነገለባው የደረቀ ጀንፈል አለ፣ ታጥቦ የደረቀ ግን ስስ ቆዳው ያልወለቀ ፓርችመንት አለ፣ ተፈልፍሎ ያለቀለት ንጹህ ቡና አለ። አንድ ማኅበር 400 ኩንታል ጀንፈል እና 300 ኩንታል ፓርችመንት ሰበሰበ እንበል። ጸሐፊው «ኤ ቶታል ኦፍ 700 ኩንታልስ ኦፍ ኮፊ» ብሎ ይጽፋል። ሚዛኑ ላይ 700 ነው፤ አልዋሸም። የውጭ አንባቢ ግን 700 ኩንታል ለመቁላት የተዘጋጀ ቡና ያለ ይመስለዋል።

ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለዚህ የታወቀ ማስያ አለው። ጀንፈልን በ0.5 ታባዛለህ፤ ፓርችመንትን በ0.8። ስለዚህ 400ው ጀንፈል 200 ይሆናል፣ 300ው ፓርችመንት 240 ይሆናል። ድምሩ 440 ኩንታል ነው። በ700 እና በ440 መካከል ያለው 260 ኩንታል ገለባና ቆዳ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ ያበጀው አነጋገር አለ፤ «ግሪን ቢን ኢኩዊቫለንት» ይባላል፣ ወደ ንጹህ ቡና ተመልሶ ሲሰላ ማለት ነው። ሪፖርቱ ውስጥ «700 ኩንታል ጀንፈልና ፓርችመንት፣ ወደ ንጹህ ቡና ሲመለስ 440» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱንም ተናገረ፣ አንባቢውም አይሳሳትም። በነገራችን ላይ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የሚያውቅ የውጭ አንባቢ የለም ብላችሁ ተነሱ። በኪሎ ጻፉለት።

ቁጥሩ አለቀ፤ ውጤቱ ቀረ። እዚህም አማርኛችን ቸር ነው። የፈተናው ውጤት ነው፣ የጨዋታው ውጤት ነው፣ የሥልጠናው ውጤት ነው፣ የጥፋቱ ውጤት ነው። የእርዳታ ድርጅቶች ግን ይህን አንድ ቃል ሦስት ቦታ ከፍለውታል፤ «አውትፑት»፣ «አውትካም»፣ «ኢምፓክት»። ብዙ ሰው ሦስቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸውና ዓረፍተ ነገሩ እንዳይደጋገምበት እያፈራረቀ ይጽፋቸዋል። ድርጅቶቹ ግን የሚከፍሉት በልዩነቱ ነው።

120 ገበሬዎች በቡና አደራረቅ ሠለጠኑ፤ ይኼ «አውትፑት» ነው። እኛ ያደረግነው፣ በእጃችን ያለ፣ በፊርማ የሚረጋገጥ። ከሠለጠኑት ውስጥ የተወሰኑት ቡናቸውን ከመሬት አንስተው በማድረቂያ አልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ፤ ይኼ «አውትካም» ነው። እነሱ ያደረጉት ነው። ቡናቸው የተሻለ ዋጋ አምጥቶ ኑሯቸው ላይ ለውጥ ታየ፤ ይኼ «ኢምፓክት» ነው። ያየኋቸው አብዛኞቹ የመጨረሻ ሪፖርቶች «ኢምፓክት» የሚል ርዕስ ያወጡና ከሥሩ የሠልጣኝ ብዛት ይደረድራሉ። የቋንቋ አራሚ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር። አላልፍም፤ ሪፖርቱ የሚመለሰው በዚህ ነው።

«ሪዘልት» ግስ ሲሆን ደግሞ ከኋላው የሚመጣው ትንሽ ቃል ሁሉን ነገር ይገለብጠዋል። «ሪዘልትድ ኢን» ካልን ቀጥሎ የሚመጣው ውጤቱ ነው። «ሪዘልትድ ፍሮም» ካልን ቀጥሎ የሚመጣው ምክንያቱ ነው። አንድ ጽሑፍ ላይ ቡናው መሬት ላይ የደረቀው ከሻጋታ የተነሳ ነው የሚል አገኘሁ። ሻጋታው ቡናውን ወስዶ መሬት ላይ አሰጣው ማለት ነው! ጸሐፊው ያሰበው ግልጽ ነው፤ «ኢን» እና «ፍሮም» ተቀያየሩበት እንጂ።

«በመጨረሻ»ም የራሷ ጣጣ አለባት። አማርኛ ላይ አንድ ናት፣ እንግሊዝኛ ላይ ቤተሰብ ናት። ተማሪው ቶሎ የሚመጣለት «አት ላስት» ነው። የጥናት ዘዴ ምዕራፉ ላይ «አት ላስት መረጃው ተተነተነ» ይላል። «አት ላስት» ግን ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ ኖረን እፎይ የምንልበት ነው። ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ አመሻሽቶ ጅማ ሲገባ እሱን ማለት ይቻላል። መረጃ ሲተነተን ማንም እፎይ አይልም፤ ይባስ ጭንቀቱ ያን ጊዜ ነው የሚጀምረው። ቅደም ተከተል ለመናገር «ፋይናሊ» ይበቃል። ዝርዝር ሲያልቅ «ላስትሊ»። ነገሩ ወዲያ ወዲህ ብሎ አንድ ቦታ ሲያርፍ «ኢን ዚ ኤንድ»። «አት ዚ ኤንድ» ካላችሁ ግን የምን መጨረሻ እንደሆነ ጨምሩ፤ የስብሰባው፣ የወሩ፣ የመንገዱ።

«አት ላስት»ን ከ«አት ሊስት» ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ሁለተኛው «ቢያንስ» ነው። ምስጋና ገጽ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው ያቺን «ላስት በት ኖት ሊስት» (መጨረሻ ቢጠራም ከማንም አያንስም) ካላስገባ ቴሲሱ የሚጸድቅ አይመስለውም። እናት ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነች። አማካሪው አንደኛ፣ እናት መጨረሻ። ይህን ለማረም አልከፈሉኝም፤ እተወዋለሁ።

የኳስ ውጤትን የሚያህል ግልጽ ነገር የለም ትሉ ይሆናል። አለመግባባት እዚያም አለ። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፏል። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አልቆ በተጨማሪ ሰዓት ነው የተለየው። በእንግሊዝኛ «ወን ባይ ቱ ጎልስ» ብንል አልተሳሳትንም፤ ልዩነቱ ሁለት ጎል ነው። ግን አንባቢው 2 ለ 0 ይሁን 4 ለ 2 አያውቅም። ልዩነቱን ነው የነገርነው፣ ውጤቱን አልነገርነውም። «ወን ፎር ቱ» ካልን ውጤቱ ራሱ ነው። አቻ ሲሆን ደግሞ «2 ለ 2 ተለያዩ» የምንለውን «ሴፓሬትድ» ብሎ የተረጎመ ስፖርት ወዳድ አጋጥሞኛል። ባልና ሚስት ነው ያስመሰላቸው። «ድሩ» ነው የሚባለው። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ዋንጫውን ሲያነሳ በከተማው የነበረውን ጭፈራ ያየ ሰው ግን የትኛውም የእንግሊዝኛ ሐረግ አይጠቅመውም።

ልዩነትና መድረሻ የሚምታቱት በሪፖርትም ላይ ነው። ምርቱ ከ40 ኩንታል ወደ 60 ከደረሰ «ኢንክሪስድ ቱ 60» ነው፤ ወይም «ኢንክሪስድ ባይ 20»። በፐርሰንት ከሆነ «ባይ 50 ፐርሰንት»። «ቱ» መድረሻውን ይነግራል፣ «ባይ» የተጨመረውን። አማርኛችንም «ወደ» እና «በ» ብሎ ይለየዋል፤ ችግሩ «ወደ» ሌላም ሥራ አላት። «ወደ 60 ሰው መጣ» ስንል 60 ገደማ ማለታችን ነው። ስለዚህ «ምርቱ ወደ 60 ኩንታል አደገ» የሚል ረቂቅ ሲመጣልኝ ልክ 60 ነው ወይስ ገደማ ብዬ ሳልጠይቅ አልተረጉመውም።

የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ አድርጎ ለመጥራት ደግሞ «ኮምባይንድ»ን እወዳለሁ። የጊቤ ግድቦችን ውሰዱ። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት፣ ግልገል ጊቤ ሁለት 420፣ ጊቤ ሦስት 1,870። የሦስቱ የማመንጨት አቅም ሲደመር 2,474 ሜጋዋት ነው። «ኮምባይንድ ካፓሲቲ» ስንል ሦስት የተለያዩ ጣቢያዎች መሆናቸው አይጠፋም። «አቅም» የሚለውን መጣል ግን አይቻልም። ሊያመነጩ የሚችሉት ነው እንጂ ዛሬ ያመነጩት አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ዓመቱ። የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የማኅበሩ ጸሐፊ «ቶታል ኢን 2016» ብሎ ይጽፋል፤ በእኛ አቆጣጠር። የውጭ አንባቢ የሚያየው ሰባት ስምንት ዓመት ቀድሞ የተደረገ ነገር ነው። ገንዘብ ሰጪው «አሮጌ ሪፖርት ላኩልኝ እንዴ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «2023/24» ብሎ መጻፍ፣ ከጎኑም የኢትዮጵያ በጀት ዓመት 2016 መሆኑን መጥቀስ ነው። ሐምሌ ላይ የሚመጡልኝን ሪፖርቶች ስከፍት መጀመሪያ የማየው ዓመቱን ነው። ከዚያ መለኪያውን፣ ኩንታል ይሁን ኪሎ። ድምሩ ጋ የምደርሰው ሁለተኛውን ቡና ካዘዝኩ በኋላ ነው።